ቤት ከፊት፣ ሞተር ከኋላ

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ሀሪኬን ሚልስ የምትባል የገጠር ቦታ አለች። የሙዚቃ ከተማ ከምትባለው ናሽቪል ወደ ምዕራብ ሲኬድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በአዘቦቱ ቀን እዚያ የሚታየው የሣር ሜዳ፣ የእርሻ አጥርና ጭር ያለ ወንዝ ነው። የፈረንጆቹ ኦገስት ሲገባ ግን ጉድ ይፈላል። ከካሊፎርኒያ፣ ከፍሎሪዳ፣ ከሚኒሶታ፣ ከየት ያልመጣ አለ? አንዱ አውቶብስ የሚያህል መኪና ከኋላው ሞተር ሳይክል ሰቅሎ፣ ሌላው ተሳቢ አስከትሎ፣ ሌላው ፒክአፑ ላይ ሦስት ሞተር ደርድሮ ይደርሳል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሜዳው ለጥምቀት እንደሚሞላው ጃንሜዳ ግጥም ይላል። ልዩነቱ እዚህ የመጣው ሰው ሁሉ ቤቱን ይዞ መምጣቱ ነው።

ነገሩ ውድድር ነው። የአሜሪካ አማተር የሞቶክሮስ ብሔራዊ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረው እዚህ፣ በዝነኛዋ የካንትሪ ሙዚቃ አቀንቃኝ በሎሬታ ሊን እርሻ ላይ ነው። የሕይወት ታሪኳ እ.ኤ.አ. በ1980 ፊልም ሆኖ ተዋናይቷን ሲሲ ስፔስክን ለኦስካር ያበቃው ያቺው ሎሬታ ሊን። የሞተር ልጆቹ ግን ለዘፈኑ ብዙም ደንታ የላቸውም። ለእነሱ «ሎሬታ» የዘፋኝ ስም ሳይሆን የውድድር ስም ነው። አንድ ልጅ «ሎሬታ አልፌያለሁ» ካለ አሸነፈም አላሸነፈም በሰፈሩ ጀግና ነው።

እዚያ መድረስ በራሱ ቀላል አይደለም። በየዓመቱ ከ20 ሺህ በላይ ተወዳዳሪዎች ለማጣሪያ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ የአካባቢ፣ ቀጥሎ ሰፋ ያለ የክልል ማጣሪያ አለ። በመጨረሻ በእያንዳንዱ ምድብ መነሻ መስመር ላይ የሚቆሙት 42 ብቻ ናቸው። እነዚህ 42ቱ በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይፋለማሉ፤ የሦስቱ ውጤት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። በምድቦቹ ውስጥ በ50 ሲሲ ሞተር የሚጋልቡ ሕፃናት አሉ፤ ዕድሜያቸው 40 የዘለለ አባወራዎችም አሉ። መወዳደሪያው በዓመት አንዴ ለዚህ ሳምንት ብቻ የሚከፈት ስለሆነ በሜዳዬ ነው የምጫወተው የሚል የለም።

ሦስት ውድድር በአንድ ሳምንት ማለት ሞተሩ በየማታው ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል ማለት ነው። መካኒኩ ማን ነው? አባትየው። ምግብ አብሳዩስ? እናትየው፤ አንዳንዴም የተገላቢጦሽ። ማታ ማታ በየመኪናው ጥግ በተዘረጋው ሸራ ሥር መብራት በርቶ፣ ሰንሰለት ሲጠበቅና የአየር ማጣሪያ ሲታጠብ ያመሻል። ትንንሾቹ ወንዙ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይውላሉ፤ ትልልቆቹ ነገ በየትኛው መስመር ወደ መጀመሪያው ኩርባ እንደሚገቡ ሲያስቡ እንቅልፍ ያጣሉ።

ጫማ አይደለም፣ ኩንታል ነው

ለምን እንደ ሰው ሆቴል አያርፉም የሚል ይኖራል። ሯጭ ለውድድር ሲሄድ ጫማውንና ቱታውን በሻንጣ ከቶ አውሮፕላን ይሳፈራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ሆነ ቀነኒሳ በቀለ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩበት መሣሪያ በአንድ የእጅ ቦርሳ የሚገባ ነው። የኳስ ተጫዋችም ያው ነው፤ ታኬታውን ከያዘ ኳሱንም ሜዳውንም እዚያ ያገኛል። የሞቶክሮስ ልጅ መከራው ሌላ ነው። 450 ሲሲ የውድድር ሞተር ወደ 110 ኪሎ ይመዝናል፤ በእኛ አቆጣጠር አንድ ኩንታል ከነምራቂው ማለት ነው። የታዳጊዎቹ 85 ሲሲ ከ70 ኪሎ በላይ ነው። ትንሿ 50 ሲሲ እንኳን 40 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። በዚህ ላይ ትርፍ ጎማ፣ ቤንዚን፣ የመፍቻ ሣጥን፣ ጄኔሬተር፣ ሄልሜት፣ ጉልበት ድረስ የሚመጣ ቦት ጫማ አለ። ሁለት ልጆች የሚወዳደሩበት ቤትማ ሁሉንም በሁለት አባዙት።

እየነዱትስ ለምን አይሄዱም? አይቻልም። የሞቶክሮስ ሞተር መብራት የለውም፣ ፍሬቻ የለውም፣ ታርጋ የለውም። አስፋልት ላይ ቢወጣ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመዋል። የሆቴል ዘበኛም ጭቃ የለበሰ ሞተር ወደ መኝታ ክፍል አያስገባም። ውጭ ካደረ ደግሞ ጠዋት አይገኝም። ስለዚህ የቀረው አማራጭ አንድ ነው፤ ቤቱንም ጋራዡንም ማብሰያውንም በአንድ ላይ ጎማ አስገጥሞ መንዳት። ፈረንጆቹ «ሞተር ሆም» የሚሉት ይኸው ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤትና ሻወር ያለው መኪና። የሚነዳውን «ሞተር ሆም»፣ የሚጎተተውን «ካራቫን» ይሉታል። ከኋላው ለሞተር የሚሆን ክፍል ያለውን ደግሞ አሜሪካውያን «ቶይ ሆለር» ብለው ሰይመውታል፤ የመጫወቻ ጫኝ እንደማለት። የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ የገባበትን ነገር መጫወቻ ማለት እንግዲህ የአሜሪካኖች ነገር ነው።

ከኋላ የተሰቀለው

ሞተሩን ጭኖ መሄድ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አገር ቤት አይሱዙ ላይ በገመድ ጠፍሮ፣ ከበግና ከጆንያ ጋር አብሮ ማሳፈር የለመደ ሰው «ምን አላት?» ይል ይሆናል። ዳሩ ግን በዚህ ስፖርት ውድድሩ ሜዳ ላይ ሳይጀመር መንገድ ላይ የሚያልቅበት ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ርካሹ ዘዴ በመኪናው ኋላ ባለው የጋንቾ ቦታ ላይ የብረት መደርደሪያ ሰክቶ ሞተሩን አግድም መስቀል ነው። ተሳቢ አያስፈልግም፣ ወደ ኋላ ለመመለስ አያስቸግርም። ችግሩ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። ስሌቱን አንዴ እንየው። የፊትና የኋላ ጎማው ርቀት 4 ሜትር የሆነ ሞተር ሆም አለ እንበል። መደርደሪያውና ሞተሩ ተደምረው 150 ኪሎ ይሁኑ፤ የተሰቀሉት ደግሞ ከኋላ ጎማው 2 ሜትር ወደ ኋላ ርቀው ነው። ብዙ ሰው የኋላው ጎማ ላይ የተጨመረው 150 ኪሎ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም! 225 ኪሎ ነው። ተጨማሪዋ 75 ኪሎ ከየት መጣች ቢባል፣ ከፊት ጎማው ላይ ተነስታ ነው። ልክ እንደ ሚዛን፣ ኋላው ሲወርድ ፊቱ ይነሳል።

ፊቱ ሲነሳ መሪው ይቀላል። በደረቅ መንገድ ላይ አሽከርካሪው እንኳን ላያስተውለው ይችላል፤ ዝናብ ሲጥልና ኩርባ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚታየው። በአውሮፓ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ብዙዎቹ ሞተር ሆሞች የሚሠሩት በፊያት ዱካቶ ላይ ሲሆን ዱካቶ መኪናውን የሚጎትተው በፊት ጎማው ነው። ፊቱ ቀሎበት እርጥብ ሣር ላይ የቆመ ዱካቶ ጎማው እያሽከረከረ ባለበት ይቀራል፤ ከውድድር ሜዳ በትራክተር ተጎትቶ መውጣት የተለመደ ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ውሃ ነው። አዎ፣ ውሃ! 200 ሊትር የሚይዝ የሻወር ታንከር ሲሞላ ሁለት ኩንታል ነው። በአውሮፓ በተራው መንጃ ፈቃድ ሲነዳ የኖረው እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ያለ መኪና ሲሆን፣ ሞተር ሆሙ ባዶውን ራሱ ወደዚያ ይጠጋል። ለሰው፣ ለውሃ፣ ለምግብና ለሞተር የሚቀረው ጥቂት መቶ ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልሆቹ ታንከሩን ባዶ አድርገው ይጓዙና ውሃውን የሚሞሉት እዚያው ደርሰው ነው። መኪናውንም ከነጭነቱ ሚዛን ላይ አውጥተው የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ያስመዝናሉ። ጠቅላላው ክብደት ልክ ሆኖ ሳለ የኋላው ጎማ ብቻውን ከልክ በላይ ተጭኖ ሊገኝ ይችላላ!

የማርሚታው ነገርም አለ። የሞተር ሆሙ ጭስ የሚወጣው ከኋላ ከሆነ፣ እሳት የሆነው ጭስ ሰዓታት ሙሉ የሞተሩን ጎማ ሲጠብሰው ይውላል። ቦታው ደርሰው ሲያወርዱት ጎማው ቀልጦ ያገኙታል። መፍትሔው የማርሚታውን ጫፍ ወደ ጎን ማዞር ነው፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ፣ ግን ብዙዎች የሚያውቁት አንድ ጎማ ከከሰሩ በኋላ ነው። ደግሞም የተሰቀለው ሞተር ታርጋና የኋላ መብራት መከለል የለበትም። ጣሊያንና ስፔን ውስጥማ ከመኪናው ኋላ ተርፎ የወጣ ጭነት ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀይና ነጭ የተሰነጣጠረ ሰሌዳ ካልተለጠፈ ቅጣት አለ።

አስተሳሰሩስ? ሞተር በጎን ማቆሚያው ላይ ተደግፎ አይታሰርም፤ መንገዱ ሲነጥረው ማቆሚያው ይሰበራል። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የፊት ጎማው መንከሻ ውስጥ ገብቶ፣ በአራት ማሰሪያ ቀበቶ ወደ አራቱ ማዕዘን ይወጠራል። ከፊት ያሉት ሁለቱ ቀበቶዎች መሪውን ይዘው ወደ ታችና ወደ ፊት ሲስቡት የፊት ሞላው ትንሽ ይጨመቃል። ትንሽ! ጨርሶ ከተጨመቀ የዘይት ጎሚኒው ይበላሽና ጠዋት የፊት እግሩ በዘይት ርሶ ይገኛል። ለዚህ ሲባል በፊት ጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መደገፊያ ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ ቤንዚኑ ይዘጋል። ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም ቆሞ ማየት ግድ ነው። ሲነሱ የተወጠረ ቀበቶ ሁሉ ንዝረቱ ሲያገኘው ይላላል፤ በአውራ ጎዳና ላይ አንዷ ቀበቶ ከወጣች ከኋላ ለሚመጣው ሰው የሚደርሰውን ማሰብ ነው። አንድ ኩንታል ብረት አስፋልት ላይ እየተንከባለለ ሲመጣበት!

በተሳቢ የሚጎትቱት ደግሞ የራሳቸው ፈተና አላቸው። ሞተሮቹ ከተሳቢው ጎማ ወደ ኋላ ከተጫኑ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራቱን መቁላት ይጀምራል። በአሜሪካ የሚሠራበት ልክ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ነው። ጅራቱ መቁላት ከጀመረ ደንግጦ ፍሬን መርገጥ አይገባም፤ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው የሚይዝ መቆጣጠሪያ ካለ እሱን ብቻ መንካት ነው የሚያዋጣው።

ሞተሩን ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል የሚጭኑት ከዚህ ሁሉ ተገላገሉ ሊባል ነው። ኧረ አይደለም። እዚያ ያለው ጠላት ቤንዚን ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ከግድግዳው ወዲያ የጋዝ ፍሪጅና ምድጃ አለ። ሌሊት አየር ማቀዝቀዣው እንዲሠራ ጄኔሬተር አብርተው የሚተኙ አሉ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ጠዋት ሳይነሱ ይቀራሉ። የዚህ ዓይነት አደጋ በአሜሪካ የካምፕ ቦታዎች የታወቀ ነው። ጥንቁቅ ቤተሰብ መርዙን የሚጠቁም ትንሽ ደወል አልጋው አጠገብ ይሰቅላል፤ ሞተሩንም ማታ አውርዶ ውጭ ያሳድራል።

«የአህጉሩ ሰርከስ»

ይህ ኑሮ ዛሬ የመጣ አይደለም። የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1949 ሲጀመር ፋብሪካ የሚቀጥራቸው አሽከርካሪዎች ጥቂት ነበሩ። የቀሩት ሁሉ የግል ናቸው። ሁለት ሞተር፣ አንድ አሮጌ ቫን፣ አንድ ፍራሽ። አንድ እሑድ ፈረንሳይ፣ በሚቀጥለው እሑድ ጀርመን፣ ከዚያ ቤልጂየም። አዘጋጆች ለመነሻ የሚከፍሉት ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ እሑድ ካልተወዳደሩ ሰኞ ነዳጅ የለም። በየድንበሩ ጉምሩክ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሞተር ወረቀት ይጠየቃል። ይህንን ከአገር አገር የሚዞር መንጋ ፈረንጆቹ «የአህጉሩ ሰርከስ» ይሉት ነበር።

ከሰርከሱ ሰዎች ስሙ ከሁሉም በላይ የሚነሳው አውስትራሊያዊው ጃክ ፊንድሌይ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ መጥቶ ሃያ ዓመት ገደማ ሲዞር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1968 በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና በማችለስ ሞተር ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው ማን መሰላችሁ? በኤምቪ አጉስታ ፋብሪካ ሞተር የሚጋልበው ጣሊያናዊው ጃኮሞ አጎስቲኒ፣ በአጠቃላይ 15 የዓለም ዋንጫ የሰበሰበው ሰውዬ! ፊንድሌይ በዚህ ምድብ ለማሸነፍ እስከ 1971 ጠበቀ፤ ያኔ በአልስተር ግራንድ ፕሪ በሱዙኪ ሲያሸንፍ ባለሁለት ምት ሞተር በ500 ሲሲ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ሆነ። በ1977 ኦስትሪያ ላይ በ42 ዓመቱ እንደገና አንደኛ ወጣ። ያቺ ድል ግን አሳዛኝ ታሪክ አላት። በዚያው ቀን በ350 ሲሲ ውድድር ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ስታደልማን ሞቶ፣ ታላላቆቹ አሽከርካሪዎች ሜዳው አደገኛ ነው ብለው አንወዳደርም ብለው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1978፣ ከካሊፎርኒያ ኬኒ ሮበርትስ መጣ። ይህ ሰው ለአውሮፓውያን ሁለት ነገር አሳያቸው። አንደኛው ጉልበቱን መሬት አስነክቶ የኋላ ጎማውን እያንሸራተተ መጋለብ፤ በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ 500 ሲሲውን አሸንፎ በ1979ና በ1980ም ደገመው። ሁለተኛው ኑሮ ነው። የአሜሪካን ሞተር ሆም ኑሮ ለግራንድ ፕሪ ሠፈር ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ሮበርትስ ነው። ሚስትና ልጆች አብረው፣ ማታ ቤት፣ ጠዋት ሥራ። ከልጆቹ አንዱ ኬኒ ጁኒየር በ2000 ራሱ የ500 ሲሲ ሻምፒዮን ሆነ። አባትና ልጅ ሁለቱም ይህን ዋንጫ ሲያነሱ እነሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ደግሞ አንድ ሠፈር አብሮ የሚያድር ሰው ይነጋገራል። ጎረቤት ከጎረቤት ቡና እየጠጣ «አንተ ስንት ከፈሉህ?» መባባል ሲጀምር ለአዘጋጆች ጥሩ አይደለም። በ1979 በስፔኗ ሐራማ አዘጋጆቹ ለሮበርትስ የመነሻ ክፍያ አንሰጥም አሉ፤ እሱም ተወዳድሮ አሸነፈና ዋንጫውን አልቀበልም ብሎ መለሰላቸው። በዚያው ዓመት አሽከርካሪዎቹ የራሳቸውን የተለየ ሻምፒዮና ለማቋቋም ተነሱ። ሐሳቡ ባይሳካም የዓለም ፌዴሬሽኑ የሽልማቱን ገንዘብ ለማሳደግ ተገደደ።

በሞቶ ጂፒ ዘመን ነገሩ የባለጸጎች ሆነ። በአውሮፓ ውድድሮች ላይ የታላላቆቹ አሽከርካሪዎች ሞተር ሆም እንደ ቪላ የሚቆጠር ሲሆን የሚነዳውም ተቀጥሮ ነው፤ ሞተሮቹ ለብቻቸው በቡድኑ የጭነት መኪና ይጓዛሉ። ወደ ማሌዥያና አውስትራሊያ ሲሆን ሞተሩ በዕቃ አውሮፕላን፣ ሰውየው በሆቴል ነው። ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ማየት ለሚፈልግ ዳካር ራሊ አለ። እዚያ ያለ ረዳት የሚወዳደሩ ሞተረኞች ምድብ አላቸው። አዘጋጁ የሚጭንላቸው 80 ሊትር የምትይዝ አንዲት ሣጥን፣ ድንኳን፣ ትርፍ ጎማና ጥቂት ዕቃ ብቻ ነው። ቀኑን በረሃ ሲጋልብ ውሎ ማታ ዘይት የሚቀይረውም ጎማ የሚፈታውም ራሱ ነው። ጎረቤቱ የፋብሪካ ቡድን አሽከርካሪ ግን ሻወር ወስዶ ሞተር ሆም ውስጥ ተኝቷል።

የስቱዋርት ልጆች

ወደ ሎሬታ እንመለስ። ለዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ የሚሰጠው እዚያ የበቀሉት ስሞች ናቸው። ሪኪ ካርማይክል እዚያ አድጎ በአሜሪካ ሞቶክሮስ በ2002ና በ2004 አንድም ውድድር ሳይሸነፍ 24ቱንም አሸንፎ ወቅቱን ጨረሰ። ከእሱ ቀጥሎ ይህንን የደገመው በ2008 ጄምስ ስቱዋርት ነው።

ስቱዋርት በ1985 በፍሎሪዳ ባርቶው የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አባቱ ጄምስ ሲኒየር ራሱ ሞተር ይጋልብ ነበርና ልጁን በአራት ዓመቱ ለውድድር አሰለፈው። ያኔ በየሞቶክሮስ ሜዳው ጥቁር ቤተሰብ ማየት ብርቅ ነበር። በየሳምንቱ መጨረሻ መንገድ የሚወጣ ቤተሰብ ሥራውንም፣ የልጁን ትምህርትም፣ ገንዘቡንም ከውድድር ፕሮግራሙ ጋር ማስማማት አለበት። ልጁ ካልሆነለት ሁሉም ነገር አፈር በላ ማለት ነው። ሆነለት። 11 የአማተር ብሔራዊ ማዕረጎች ሰብስቦ ፕሮፌሽናል ሆነና በ2002፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ የ125 ሲሲ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። በአሜሪካ ትልቅ የሞተር ስፖርት ሻምፒዮና ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ተብሎ የሚጠቀሰው በዚህ ነው። በ2007ና በ2009 የሱፐርክሮስን ትልቁን ዋንጫ አነሳ። ታናሽ ወንድሙ ማልኮም ደግሞ በ2016 በ250 ሲሲ የምሥራቁን ምድብ ሱፐርክሮስ አሸነፈ። ከአንድ ቤት ሁለት!

ሁሉም ግን ስቱዋርት አይሆንም። በእያንዳንዱ ምድብ ከተሰለፉት 42 ልጆች ፕሮፌሽናል ሆኖ እንጀራውን የሚበላበት በጣት የሚቆጠር ነው። የቀሩት ቤተሰቦች ቅዳሜ ማታ ሸራውን አጥፈው፣ ሞተሩን መልሰው አስረው፣ ሁለት ቀን የሚፈጀውን የመልስ መንገድ ይጀምራሉ። ሰኞ ሥራ አለ።

ጎርፉ

በ2021 ውድድሩ ያበቃው ኦገስት 7 ቀን ነው። ባለሞተር ሆሞቹ ሜዳውን ለቀው ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ኦገስት 21 ቀን፣ በዚያ አካባቢ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ዘነበ። ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ የወረደው ዝናብ ከ430 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር። ወንዞቹ ቤት ከነመሠረቱ ይዘው ሄዱ፤ በአቅራቢያው ያለችው የዌቨርሊ ከተማ ክፉኛ ተመታች። በአውራጃው 20 ሰዎች ሞቱ። ከእነሱ አንዱ የሎሬታ ሊን እርሻ የረጅም ጊዜ ተቆጣጣሪ ነበር።

ልጆች ሲዋኙበት የነበረው ወንዝ ሜዳውን ሸፈነው። ጎርፉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ እዚያ የሚያገኘው ባዶ ሣር አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ አብዛኛው ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ፣ ሌሊት በየሞተር ሆሙ ተኝቶ ነበር የሚያገኘው። ሞተር ሆም ከባድ ይመስላል እንጂ ጎርፍ ሲመጣበት ሣጥን ነው፤ ይንሳፈፋል። መውጫው መንገድም ጠባብ ነው፤ ተሳቢ ያስከተለ መኪና ደግሞ በጨለማ ቶሎ አይዞርም።

ሜዳው ተጠርጎ፣ አጥሩ ተጠግኖ በ2022 ኦገስት ውድድሩ እዚያው ተካሄደ። ሎሬታ ሊን ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ፣ ኦክቶበር 4 ቀን፣ በሀሪኬን ሚልስ በሚገኘው ቤቷ በ90 ዓመቷ አረፈች። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት ባለሞተር ሆሞቹ ሞተራቸውን ከኋላ ሰቅለው በእርሻው በር ተሰልፈው ገቡ፤ በ2024ም እንዲሁ።